ስለ አንጎል ካርታና ስለ ታማኝ ሰብሳቢ

የብዙ ሰዎችን ቃል ሰብስቦ አንድ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው ዕዳ ለተናገሩት ሰዎች ነው፤ ቃላቸውን ሳያጣምም ማቅረብ ይገባዋል። ሁለተኛው ዕዳ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እርሱም ላልተናገሩት፥ ላልተጠሩትና በስብሰባው ላይ ላልነበሩት ሰዎች ያለበት ዕዳ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይልቁን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ዕዳ ለመናገር አስባለሁ። ለምሳሌ የመረጥኩትም ነገር ለጎጃም ገበሬ ቤት ሩቅ የሚመስል፥ ነገር ግን ፊደል ለቈጠረ ሰው ሁሉ ቅርብ የሆነ ነገር ነው። ይኸውም በዘመናችን ያሉ ሊቃውንት የሰውን አንጎል በመሣሪያ እያዩ የሚሥሉት ካርታ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ነው ካላልኩ በቀር፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ደጋ በሬ ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል፥ አጥፊውም ሳይታወቅ ሲቀር፥ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። የሚያውቅ ሰው በግልጽ ለመናገር ቢፈራ፥ ነገሩን ከወፍ እንደ ሰማ አድርጎ ለተመረጡት ሽማግሎች ይናገራል። ሽማግሎቹም የወፎቹን ቃል ያመዛዝናሉ። የዚህ ሥርዓት መሠረቱ ከአንድ ሰው ቃል የብዙ ሰው ቃል ይሻላል የሚል ነው፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደሚባለው። ዳሩ ግን አስተዋይ ሽማግሌ ከመፍረዱ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል። እነዚህ አሥር ወፎች በእውነት አሥር ናቸው፥ ወይስ አንዲት ወፍ የተናገረችውን የሚደግሙ አሥር አፎች ናቸው? ወደ ሜዳው ያልተጠራ ሰው አለ ወይ? ዝም ያለውስ ሰው ዝም ያለው ለምንድን ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አንባቢዬ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ ሰውን ሳይቈርጥና ሳያደማ የአንጎሉን ሥዕል ያነሣል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ሊቃውንት ከዚህ መሣሪያ ሌላ ጥቅም አገኙ። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ወደዚያ የሚሄደው ደምና በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን መጠኑ ይለወጣል፤ መሣሪያውም ይህን ለውጥ ይለያል። ስለዚህ በመሣሪያው ውስጥ የተኛው ሰው ቃል ሲያነብ ወይም ሒሳብ ሲያስብ የደሙ ሁኔታ በየትኛው ስፍራ እንደ ተለወጠ ለማየት ተቻለ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ መሣሪያው ሐሳብን አያይም። የሚያየው የደሙን ለውጥ ነው። ከሩቅ ጭስ ያየ መንገደኛ እሳት መኖሩን ያውቃል እንጂ በምድጃው ላይ ምን ወጥ እንደ ተጣደ አያውቅም።

የአንድ ጥናት ውጤት ብቻውን ደካማ ነው። በአንድ ጥናት የሚመረመሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ ጥቂቶች ናቸውና፥ አጋጣሚ እንደ እውነት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሊቃውንቱ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ወደ አንድ የሚያመጣ ዘዴ አበጁ፤ ስሙንም ሜታ አናሊሲስ ይሉታል፤ የጥናቶች ጥናት ማለት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጥናት ለውጥ ያገኘበትን ስፍራ በሦስት ቍጥሮች ይጽፋል፤ አንዱ ቍጥር ከግራ ወደ ቀኝ፥ ሁለተኛው ከኋላ ወደ ፊት፥ ሦስተኛው ከታች ወደ ላይ ይለካል። ሰብሳቢው ነጥቦቹን ሁሉ በአንድ የአንጎል ሥዕል ላይ ያኖራቸዋል። ነጥቡ በትክክል እዚያው ላይ መሆኑ እርግጠኛ ስላልሆነ፥ እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ትንሽ ደመና ወደ ዙሪያው እንዲሰፋ ይደረጋል። ከዚህ በኋላ ደመናዎቹ በአጋጣሚ ሊደራረቡ ከሚችሉት በላይ የተደራረቡበት ስፍራ ይፈለጋል። ያ ስፍራ በቀይ ወይም በቢጫ ይቀባል፤ የቀረው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

የመጨረሻው ሥራ ይህን ውጤት የአንጎልን ጕብታና ሸለቆ በሚያሳይ ሥዕል ላይ ማስፈር ነው። ይህ ድካም ለምን ያስፈልጋል ቢባል፥ የአንጎል ቅርፊት እንደ ሜዳ የተዘረጋ ስላልሆነ ነው። ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሆነው ይህ ቅርፊት ተጣጥፎና ተሸብሽቦ በራስ ቅል ውስጥ የተከተተ ነው፤ ከገጹም ሁለት ሦስተኛ የሚያህለው በእጥፋቱ ውስጥ ተሰውሯል። ይህን ለመረዳት ለጎጃም ሰው አያስቸግረውም። ከደጀን አፋፍ ቆሞ ወደ ማዶ የሚመለከት ሰው የጎሐ ጽዮን አፋፍ በእጅ የሚዳሰስ ይመስለዋል። መንገዱ ግን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፥ ወንዙን ተሻግሮ፥ ዳገቱን እንደ ገና ወጥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንጎልም እንዲሁ ነው። ከአንድ ሸለቆ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት ነጥቦች በቀጥታ ሲለኩ በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ይራራቃሉ፤ በቅርፊቱ ላይ ሲኬድ ግን ሩቅ ናቸው፤ ሥራቸውም የተለያየ ሊሆን ይችላል። ደመናውን ሸለቆውን አሻግሮ የሚያሰፋ ሰው የዚህን አፋፍ ሥራ ለወዲያኛው አፋፍ ይሰጣል። የደጀንን ገበሬ እህል በጎሐ ጽዮን ገበሬ ጎተራ አገባ ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ነጥቦቹ አስቀድመው ያለ ሸለቆው ሒሳብ ከሰፉ፥ ከዚያ ወዲያ ባማረ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል ላይ ቢሰፍሩ ሥዕሉ ያምራል እንጂ ስሕተቱ አይታረምም። ጕብታውና ሸለቆው ጥርት ብሎ ስለሚታይ ግን ተመልካቹ ቀለሙም እንደዚያው የጠራ ይመስለዋል። ውበት ያልተጠየቀውን ምስክርነት ሲሰጥ ማለት ይህ ነው። ደግሞም ሥዕሉ ተዟዙሮ መታየት አለበት። የጮቄን ተራራ ከደብረ ማርቆስ በኩል ብቻ ያየ ሰው በሞጣ በኩል ያለውን ፊቱን አላየም፤ የተራራው ሆድ ውስጥ ያለውንማ ከየትም በኩል ቢቆም አያየውም። የአንጎልም ገጽ ከጥልቁ ያለውን ይሸፍናል።

ሌላም ጥያቄ አለ። ነጥቦቹ የተለኩት በማን ክንድ ነው? በገበያ ጨርቅ በክንድ ሲለካ የረጅም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ አንድ አይደለም። የሰዎች አንጎልም በመጠንና በቅርጽ ስለሚለያይ፥ ሁሉን ወደ አንድ መለኪያ ማምጣት ግድ ሆነ። በ1988 ታላይራክና ቱርኑ የተባሉ ሊቃውንት ያሳተሙት አትላስ ለብዙ ዓመታት መለኪያ ሆኖ ሲሠራበት ኖረ። ያ አትላስ ግን የተሠራው ከአንዲት የ60 ዓመት ሴት አስከሬን አንጎል ነበር። ከዚያ በኋላ በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ከ305 ሰዎች ሥዕል አማካዩን ወስደው ሌላ መለኪያ ሠሩ፤ ከእነዚያም ሰዎች የሚበዙት ወጣቶች ነበሩ። ሁለቱ መለኪያዎች አይገጥሙም። በአንዱ የተለካውን በሌላው እንደ ተለካ አድርጎ የሰበሰበ ሰው፥ ቅን ሳለ ሐሰተኛ ካርታ ይሥላል። ከዚህም ሌላ አማካይ የሆነው አንጎል የማንም ሰው አንጎል አይደለም። የአገሩ ሰው ቁመት አማካይ ቢነገር፥ በልኩ የተሰፋው እጀ ጠባብ ለብዙው ሰው እንደማይስማማ ሁሉ ነው።

እስኪ አሁን አንድ እውነተኛ ጥናት እንመልከት። በ2005 ቦልገር፥ ፐርፌቲና ሽናይደር የተባሉ ሦስት ሊቃውንት አንድ መልካም ጥያቄ አነሡ። ሰዎች የሚያነቡት ጽሕፈት ልዩ ልዩ ነው፤ ንባብ በአንጎል ውስጥ የሚሠራበት ስፍራስ አንድ ነው ወይስ ልዩ ልዩ? ይህን ለማወቅ የ43 ጥናቶችን ውጤት ሰበሰቡ። 25ቱ በእንግሊዝኛና በሌሎች የምዕራብ አውሮጳ ቋንቋዎች፥ 9ኙ በቻይንኛ፥ 5ቱ ካና በሚባለው የጃፓን ፊደል፥ 4ቱ ካንጂ በሚባለው የጃፓን ጽሕፈት የተደረጉ ነበሩ። ያገኙትም መልስ የሚያስደንቅ ነው። ጽሕፈቶቹ በብዙ ነገር ቢለያዩም የሚሠሩባቸው የአንጎል ክፍሎች በጠቅላላው አንድ ሆነው ተገኙ፤ በየክፍሉ ውስጥ ግን ነጥቡ ከጽሕፈት ጽሕፈት ይለያል። ይልቁንም በግራው የአንጎል ወገን፥ ከበታች በኩል፥ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ ያለ አንድ ስፍራ በሁሉም ዘንድ ጸንቶ ታየ። ሊቃውንቱ የቃል መልክ የሚታወቅበት ስፍራ ይሉታል። ስፍራው ከበታች ስለ ሆነ ሥዕሉን ከጎን ብቻ የሚያይ ሰው በደንብ አያገኘውም፤ ገልብጦ ማየት አለበት።

ከ43ቱ ጥናቶች መካከል በግዕዝ ፊደል የሚያነብ ሰው የተመረመረበት አንድም የለም። የእኛ ፊደል ከላቲኑም ከካናውም የተለየ ጠባይ አለው። ከ«ለ» እስከ «ሎ» ያሉት ሰባቱ አንድ መልክ ይዘው በትንሽ ምልክት ብቻ ይለያያሉ፤ እንዲህ እየሆነ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲበዙ 231 ይሆናሉ። አንድ የጎጃም ሕፃን በየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ሣር እንደ ጠቋሚ ይዞ ይህን ሁሉ ይቈጥራል፤ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን፥ ከዚያም ዳዊትን ይደግማል። ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ዋሸራ ቢሄድ ደግሞ በአንድ ቃል ውስጥ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ መስማት ይማራል። ይህ ሁሉ ድካም በካርታው ላይ የለም።

ሦስቱ ሊቃውንት ይህን አልደበቁም። የሰበሰቡት ምን ምን እንደ ሆነ በየቍጥሩ ጽፈዋል፤ ስለዚህ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። ስሕተቱ የሚገባው ከእነርሱ በኋላ ነው። ሥዕሉ ከመጽሐፉ ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቍጥሮቹ ከኋላ ይቀራሉ፤ ቀለሙ ብቻ ይጓዛል። በመጨረሻም አንድ ተናጋሪ ሥዕሉን አንሥቶ የሰው ልጅ ሁሉ ሲያነብ አንጎሉ እንዲህ ነው ይላል። አራት ልዩ ልዩ ጽሕፈቶች በአንድ ስፍራ ከተስማሙ አምስተኛውም ይስማማል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ እኔም እንዲሁ እጠብቃለሁ። ዳሩ ግን መጠበቅ ሌላ፥ መመስከር ሌላ ነው። ያልተጠራ ሰው በተጠሩት ቃል ሊገመት ይችላል፤ በስሙ ግን ሊማልበት አይገባም።

የሽማግሌውን ሁለተኛ ጥያቄ በዚህ አገኘነው። ይህ ጉድለት የንባብ ጥናት ብቻ አይደለም። በ2010 የታተመ አንድ ታዋቂ ጽሑፍ እንዳመለከተው፥ በታላላቆቹ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ከተመረመሩት ሰዎች ከመቶ ዘጠና ስድስቱ እጅ የተገኙት ከዓለም ሕዝብ ከመቶ አሥራ ሁለቱን እጅ ብቻ ከያዙ አገሮች ነው። አንደኛውም ጥያቄ በዚሁ ሥራ ይገኛል፤ አንድ ላቦራቶሪ በነዚያው ሰዎች ላይ ብዙ ሙከራ አድርጎ ሁሉም እንደ ልዩ ምስክር ቢቈጠር፥ አንዲቱ ወፍ አሥር ሆነች ማለት ነው። ሦስተኛውም አለ፤ ምንም ለውጥ ያላገኘ ጥናት ብዙ ጊዜ ሳይታተም በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ የዝምተኛው ቃል ሳይሰማ ይፈረዳል።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልደከምኩበትም ነበር። ግን የሰው ዕድል የሚፈረድበት ነገር ነው። አንዲት እናት እናስብ። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ዕድሜያቸው አርባን አልፏል። ቀን እንጨት ለቅመው፥ ውሃ ቀድተው፥ ወደ ማታ ከልጆቻቸው እኩል ተቀምጠው ፊደል ይቈጥራሉ። አንድ ሰው የአንባቢን አንጎል ካርታ አምጥቶ «እማማ፥ ይህ ስፍራ በእርስዎ አንጎል ላይ አልበራም፤ ለንባብ አልተፈጠሩም» ቢላቸው ምን ይባላል? ሐሰት ነው፤ ሐሰቱም እንደ ዕውቀት የለበሰ ስለ ሆነ ከተራ ሐሰት ይከፋል።

ሐሰት መሆኑን የሚያስረዳ ጥናት አለ። በ2010 ስታኒስላስ ደሃንና ባልደረቦቹ በፖርቱጋልና በብራዚል 63 ሰዎችን መረመሩ። ከእነዚህ 10ሩ ማንበብ የማይችሉ፥ 22ቱ ካደጉ በኋላ ንባብ የተማሩ፥ 31ዱ በሕፃንነታቸው የተማሩ ነበሩ። ያ የቃል መልክ የሚታወቅበት ስፍራ ንባብ በጨመረ መጠን ለጽሕፈት የሚሰጠው መልስ እየበረታ ሲሄድ ታየ፤ ይህም ካደጉ በኋላ በተማሩት ዘንድ ጭምር ነው። እንግዲህ በካርታው ላይ ያለው ቀለም ሲወለዱ የተሰጠ ማዕረግ አይደለም፤ የድካም ፈለግ ነው። በሣር ሜዳ ላይ ያለው ቀጭን መንገድ ከእግሮች መመላለስ እንደ ተሠራ ሁሉ፥ ይህም ከፊደል ጋር በመመላለስ የተሠራ ነው። ካርታው ሰዎች የሄዱበትን ያሳያል፤ አንተ ወይም አንቺ ወዴት መሄድ እንደማትችሉ ግን ሊናገር አይችልም።

አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል፤ «ሁሉን ሰው መርምሮ መጨረስ አይቻልም፤ ታዲያ ካርታው ይቅር ልትል ነው?» አይደለም። ያልተሟላ ነገር ሁሉ ይጣል የሚል ሰው ጨለማን ይመርጣል። ካርታው ይሠራ፤ ግን ድንበሩ ከላዩ ይጻፍ። ሠሪውም ስሕተቱ ሲገለጥለት ይናገር። ይህ የሚቻል ለመሆኑ ምስክር አለኝ። ጂንጀር ኤ ኤል ኢ የሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለዚህ ዓይነት ሥራ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው። በሒሳቡ ውስጥ ስሕተት ነበረበት፤ በስሕተቱም ምክንያት መቀባት የማይገባው ስፍራ ሊቀባ ይችል ነበር። ሠሪዎቹ ፕሮግራሙን ካረሙ በኋላ በ2017 በሳይንስ መጽሔት ላይ ስሕተቱን ራሳቸው ዘርዝረው ጻፉ፤ በቀድሞው የሠሩ ሰዎችም ምን ማድረግ እንዳለባቸው መከሩ። ዝም ቢሉ ስማቸው ለጊዜው ባልተነካ ነበር። እነርሱ ግን ከስማቸው ይልቅ እውነትን መረጡ።

ሁለተኛም ምስክር አለ። በ2020 በታተመ ጥናት የ108 ሰዎች የአንጎል ሥዕል ለ70 የሊቃውንት ቡድኖች ተሰጠ፤ ዘጠኝ ጥያቄም ቀረበላቸው። ሥዕሉ አንድ ሳለ አሠራራቸውን አንድ ያደረጉ ሁለት ቡድኖች እንኳ አልተገኙም፤ በአንዳንዶቹም ጥያቄዎች ላይ ፍርዳቸው በብርቱ ተለያየ። ዳሩ ግን የመጨረሻውን «አዎን» ወይም «አይደለም» ትተው ሙሉ ካርታቸውን አንድ ላይ ሲሰበስቡት ከፍርዳቸው ይልቅ ካርታቸው የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር ነው። ፍርዱን ብቻ የሚያስተላልፍ ሰው ክርክር ያተርፋል፤ ሙሉ ምስክርነቱን የሚያስረክብ ሰው ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጣው እንዲያርመው በር ይከፍታል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ከናንተ መካከል ነገ በዚህ መሣሪያ ፊት የሚቆም ይኖራል፤ የሚበዛው ግን ሥዕሉን በመጽሐፍ ወይም በስልክ የሚያይ ነው። ለሁላችሁም አንድ ምክር አለኝ። ያማረ ካርታ ስታዩ ወዲያው አትስገዱለት፤ ወዲያውም አትናቁት። ስንት ሰው ተመረመረ? እነማን ናቸው? በማን ክንድ ተለካ? ያልተጠራውስ ማን ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ሰብሳቢ ስትሆኑ ደግሞ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሌላው ሳይጠይቃችሁ መልሱ። ይህ ለአንጎል ካርታ ብቻ አይደለም። ስለ አንድ አገር ሰው፥ ስለ አንድ ጎረቤት፥ ስለ አንድ የክፍል ጓደኛ «እነርሱ እንዲህ ናቸው» ስትሉ ካርታ መሣላችሁ ነው።

በቋንቋችን ማስተዋልን ስናዝዝ «ልብ በል» እንላለን። ሊቃውንት ማስተዋል በአንጎል እንደሚሠራ አስረድተውናል፤ ወደ ፊትም ስፍራውን አጥርተው ያሳዩን ይሆናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና። ነገር ግን ባየው መጠን ብቻ መናገርና ያላየውን አላየሁም ማለት መሣሪያ የሚሠራልን ሥራ አይደለም። ያ የሰብሳቢው ድርሻ ነው፤ ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት ሰብሳቢው ታማኝ ይሁን።